ጓሳን የጠበቀው ሕግ፦ ከመንዝ ደጋ እስከ አዋሽ በረሃ



ስለ በረሃ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ ሐሳባችን የሚያርፈው በአሸዋው፣ በሐሩሩና በግራሩ ላይ ነው። ነገር ግን በበረሃ የሚፈስ ወንዝ ሁሉ ከበረሃ የሚመነጭ አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣበት ውኃ የዘነበው እርሱ ረግጦት በማያውቀው ደጋ፣ ባላየው ጉም ውስጥ ነው። ስለዚህ የበረሃን ወንዝ ስለ መጠበቅ የሚያጠና ሰው ጥናቱን ከቆላው ሳይሆን ከደጋው ቢጀምር መልካም ነው። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት እንዲህ ካሉት ደጋዎች አንዱን፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘውን ጓሳን የሚመለከት ነው። የምንጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ አጥር የሌለው፣ የማንም ሰው የግል ይዞታ ያልሆነ ሜዳ ለመቶዎች ዓመታት ሊጠበቅ የቻለው እንዴት ነው? የምናገኘው መልስ በየሰበካችን ላለው ምንጭ፣ ደንና የግጦሽ መሬትም የሚጠቅም ይመስለናል።

1. ደጋውና በረሃው የተያያዙ ናቸው

መንዝ በደቡብ በሞፈር፣ በሰሜንና በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት ወንዞች፣ በምሥራቅ ደግሞ ከይፋት ቆላ በሚለየው የተራራ ሰንሰለት የተከበበ ደጋ ነው። ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከመንዝ በስተ ሰሜን ጊሼ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ በጃማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል መርሐቤቴ ይገኛሉ። የመንዝ ሰው ከገብስ እርሻና ከበግ እርባታ ኑሮውን የሚገፋ፣ ብርዱን ከበጉ ፀጉር በተሠራ ባናና በርኖስ የሚቋቋም ሕዝብ ነው።

በምሥራቅ በኩል ያለው የተራራ ሰንሰለት የውኃ መክፈያ ነው። በአንዱ ጎኑ የሚወርደው ዝናብ መንዝን አቋርጦ ወደ ወንጭትና ወደ ጃማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በሌላው ጎኑ የሚወርደው ግን ገደሉን ተወርውሮ ወደ ይፋት ቆላ ይዘልቅና አዋሽን ይመግባል። ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ባሕር ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አያይም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር በረሃ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመንገዱም የከተማ ነዋሪ፣ የመስኖ እርሻና አርብቶ አደር ይጠቀሙበታል። በታችኛው አዋሽ የሚዘንበው ዝናብ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የወንዙ ሕይወት በደጋው ላይ የተመሠረተ ነው። አዋሽ የበረሃ ወንዝ ነው ስንል እንግዲህ መድረሻውን እንጂ ምንጩን መናገራችን አይደለም።

2. ጓሳ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ነፋስ እንደ ባሕር ማዕበል የሚያንቀሳቅሰው ሰፊ የሣር ምድር ያገኛል። ይህ ጓሳ ነው። ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ ቀን ደግሞ ጉም ይጋርደዋል። ስሙንም ያገኘው በላዩ ከሚበቅለውና በጉብታ በጉብታ ከሚቆመው የጓሳ ሣር ነው። በሣሩ መካከል ጅብራ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በየተዳፋቱም አስታ ይበቅላል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚህ ሜዳ ይኖራሉ። በመላው ሀገራችን የቀሩት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ቍጥር ከ500 በታች እንደሚሆን ይገመታል። ጭላዳዎቹንም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች በቅርብ ሲያጠኗቸው ቆይተዋል።

ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ከሁሉ አስቀድሞ የኑሮ መሠረት ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ጠንካራ በመሆኑም ክዳኑ ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። ቍጥቋጦው ማገዶ ይሆናል። ዝናብ በጠፋበት ዘመን የመጨረሻው ግጦሽ በዚያ ይገኛል፤ ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ በክፉ ቀን እንደሚከፈት ጎተራ ነበር።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። ጥቅጥቅ ያለው ሣር ብርቱውን ዝናብ ያበርደዋል፤ ሥሩና ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈርም ውኃውን እንደ ሰፍነግ ይመጣል። በየረባዳው ያለው ረግረግ ደግሞ የተጠራቀመውን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ከዚህም የተነሣ ዝናቡ ካቆመ ከወራት በኋላ እንኳ ምንጮች አይነጥፉም። ሣሩ ቢነቀልና መሬቱ ቢታረስ ግን ያው ዝናብ በአንድ ቀን አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በክረምት ለቆላው ደራሽ ጎርፍ፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ይሆንበታል። የዝናቡ መጠን ሳይቀንስ ውኃው ግን ይጠፋል። ይህን ነጥብ መምህራን በሚገባ እንዲያስረዱልን እንለምናለን፤ ብዙ ሰው ወንዝ የሚደርቀው ዝናብ ሲቀንስ ብቻ ይመስለዋልና።

3. የቄሮ ሥርዓት

በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት ጓሳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሁለት ቀደምት አባቶች፣ በአስቦና በጌራ፣ ለጋራ ጥቅም ተለይቶ ተከለለ። ልጅ የልጅ ልጆቻቸውም በአጽመ ርስት መብት ተጠቃሚዎች ሆኑ። ሜዳውን የሚያስተዳድሩበትም ሥርዓት ቄሮ ተባለ። ይህ ቃል የመንዝ የቆየ ቃል ነውና በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጕም ከምንሰማው ጋር ሊምታታብን አይገባም።

የሥርዓቱ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች በየበኩላቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ከተዘጋ በኋላ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጥበቃው ለተቀጣሪ የተተወ አልነበረም፤ ጉልበት ያለው አባወራ ሁሉ በተራው ይወጣ ነበር። የጥበቃ ተራውን የተወም፣ በድብቅ ያጨደም ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ሣሩ መድረሱን አለቃው ካረጋገጠ በኋላ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝቡ ይነገራል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በበጋው አጋማሽ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ሰዉም ወጥቶ ያጭዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሁሉም ከሜዳው ይወጣል።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንድታስተውሉ እንወዳለን። መጀመሪያ፣ ሕጉን ያወጡት ከሜዳው የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ የሥርዓቱ ልብ መክፈቱ ሳይሆን መዝጋቱ ነው፤ ሕዝቡ እየተቸገረ እንኳ እጁን ይሰበስብ ነበር። ሦስተኛ፣ የሜዳው ቀን መቍጠሪያ ከጾሙና ከበዓሉ ጋር የተሳሰረ ነበር። የመንዝ ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። ሰውነቱን በጾም መግታት የለመደ ሕዝብ ሜዳውንም ማስጾም አልከበደውም። ከእነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ጥበብ መማር ለእኛ ክብር ነው።

4. ሥርዓቱ የተፈተነበት ዘመን

ስለ ቀድሞው ዘመን ስንናገር ግን ሁሉን አሳምረን ማቅረብ አይገባንም። ቄሮ ጉድለት ነበረበት። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለ ነበረ ከአስቦና ከጌራ ወገን ያልሆነ ሰው፣ በአጠገቡ እየኖረ እንኳ፣ ከሜዳው ድርሻ አልነበረውም። ቅጣቱም አንዳንድ ጊዜ ጨካኝ ነበር። ሜዳን በመጠበቅ ስም ድኻን ማግለል ፍትሕ ሊባል አይችልም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የአጽመ ርስት መብት ቀረ። ከእርሱም ጋር የቄሮ ሕጋዊ መሠረት ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኞችና መሬት አልባዎች ፍትሕን ያመጣ መሆኑ አይካድም። በጓሳ ግን አሮጌው ጠባቂ ሲሰናበት አዲስ ጠባቂ ወዲያው አልተተካም። መብቱ ሰፋ፤ ግዴታው ግን አብሮ አልሰፋም። ሜዳው ለጊዜው ያለ ልክ ተጋጠ፤ ሣሩም ተጨፈጨፈ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምንማርበት ነገር ባልኖረ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ የጥፋቱን መንገድ ተመልክቶ ዝም አላለም። በጓሳ ዙሪያ ካሉት የገበሬ ማኅበራት የተውጣጡ ተወካዮች ያሉበት የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የቄሮን መንፈስ በአዲስ መልክ አስቀጠለ። ልዩነቱ መብቱ ከዘር ሐረግ ወደ ነዋሪነት መሸጋገሩ ነው። በኋላም ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የዱር እንስሳት ተመራማሪ ይህን ሥርዓት በሰፊው አጥንተው ለዓለም አስተዋወቁት። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበርም ለኮሚቴው ድጋፍ ሰጠ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ አጸናው። እዚህ ላይ የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት፤ አስቀድሞ የሕዝቡ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የሊቃውንት ጥናት፣ በመጨረሻም የመንግሥት ሕግ መጣ። በብዙ ስፍራ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሕጉ ከላይ ስለሚወርድ ሕዝቡ እንደ ባዕድ ነገር ይመለከተዋል።

5. የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ይጠፋልን?

ጋሬት ሃርዲን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬት መጥፋቱ አይቀርም ብለው ነበር። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ አንድ ገበሬ አንድ በግ ቢጨምር ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ይሆናል፤ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈሉታል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፤ ሜዳውም ይጠፋል። ይህ ሐሳብ በዓለም ብዙ ተደማጭነት አገኘ። ከእርሱም ተነሥተው ብዙዎች የጋራ ሀብት ወይ ለግል መከፋፈል፣ ወይ በመንግሥት እጅ መግባት አለበት አሉ።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉ ሌላ አሜሪካዊት ምሁር ግን በዓለም ዙሪያ ያሉ የውኃ፣ የደንና የግጦሽ ማኅበራትን ለብዙ ዓመታት ካጠኑ በኋላ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አሳዩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እርሳቸው እንደ ደረሱበት፣ የጋራ ሀብት የሚጠበቀው ወሰኑና ተጠቃሚው ሲታወቅ፣ ተጠቃሚዎቹ ሕጉን ራሳቸው ሲያወጡ፣ ራሳቸውም ሲጠብቁ፣ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ መጠን ከቀላል ወደ ከባድ ሲሄድ፣ ጠብን የሚያበርድ ሽምግልና ሲኖርና መንግሥትም ይህን መብት ሲያከብርላቸው ነው። ሃርዲን የገለጹት እንግዲህ ሕግ የሌለውን ሜዳ እንጂ የጋራ የሆነውን ሜዳ ሁሉ አልነበረም። ጓሳ ሁለቱንም አይቶአል፤ በቄሮ ዘመን ሕግ ነበረው፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ለጊዜው ሕግ አጣ፤ ከዚያም በኮሚቴው አማካይነት እንደ ገና አገኘው።

በሀገራችን ሌሎችም ምስክሮች አሉ። በቦረና ደረቅ ምድር ጥልቅ የሆኑት የቱላ ጕድጓዶች የሚተዳደሩት ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተራ በሚያወጣው አባ ሄሬጋ አማካይነት ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነዋሪዎችም የተራቈተ ተራራቸውን ከልለው፣ ጎርፉን በእርከንና በክትር ገትተው የከርሰ ምድር ውኃቸውን መልሰዋል፤ ለዚህም ሥራቸው በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው ብሂላችን በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

6. በቅዱስ መጽሐፍ ብርሃን

የኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲሠራትም እንዲጠብቃትም እንደሆነ ያስተምረናል። ሁለቱ ግሦች አይነጣጠሉም። መሥራት ብቻ የሚያውቅ ሰው ምድርን ያደክማታል፤ መጠበቅ ብቻ የሚል ደግሞ የተራበውን ወንድሙን ይረሳል። የጓሳ ሰዎች ሣሩን አጨዱ፤ ደግሞም ጠበቁት።

የኦሪት ዘሌዋውያን ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ ምድር በየሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ያዛል። የትእዛዙም መሠረት ምድር የእግዚአብሔር መሆኗና እኛ በእርስዋ ላይ እንግዶች መሆናችን ነው። በዚያ ዓመት ምድሪቱ በራስዋ የምታበቅለው ለባለ ርስቱ ብቻ አልነበረም፤ አገልጋዩም፣ ስደተኛውም፣ እንስሳውም ከእርሱ ይመገባሉ። ዕረፍቱና ፍትሑ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ተያይዘዋል። ቄሮ የምድርን ዕረፍት በሚገባ ጠበቀ፤ በዘር ሐረግ ያልተወለደውን ሰው ግን አስቀረ። የ1967ቱ አዋጅ መብቱን አሰፋ፤ ዕረፍቱን ግን ዘነጋ። ክርስቲያን ሁለቱንም ሊይዝ ይገባዋል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ምድርን የጋራ ቤታችን ብለው በመጥራት የድኻውን ጩኸትና የምድርን ጩኸት በአንድነት እንድንሰማ አደራ ብለዋል። ለሕይወት የሚሆን ንጹሕ ውኃ ማግኘትም የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ይህ መብት በአፋር ላለው ሰው እንዲጠበቅለት በመንዝ ያለው ሰው ሣሩን ሳይነቅል መኖር መቻል አለበት። ስለዚህ ባልንጀራዬ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ወንዝ አንድ መልስ ይሰጠናል፤ ባልንጀራህ ከአንተ በታች ሆኖ ያንኑ ውኃ የሚጠጣው ነው።

7. ዛሬ ያሉት ፈተናዎች

የጓሳ ሥራ ተጠናቅቆ የተቀመጠ አይደለም። በመንዝ ብዙ ቤት ዛሬ በቆርቆሮ ተከድኖአል። ይህ ለቤቱ ባለቤት መልካም ነገር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ሣሩ ለቤት ክዳን የማይፈለግ ከሆነ ወጣቱ ትውልድ ሜዳውን የሚዘጋበት ምክንያት ምን ይሆናል? መሬት ያላገኘ ወጣት ጓሳን ሲመለከት የሚታየው የአባቶቹ አደራ ሳይሆን ሊታረስ የሚችል ባዶ መሬት ቢሆን ልንቈጣው ሳይሆን ጥያቄውን ልንሰማው ይገባል። የበጉ ብዛት፣ የማገዶ እጦትና የእሳት አደጋም አሉ። ከመንደር የሚወጡ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ውሻን ማስከተብ ራሱ የጥበቃ ሥራ ነው።

ማኅበረሰቡ በጓሳ የእንግዳ ማረፊያ አቋቁሞ ከጎብኚዎች ገቢ ለማግኘት ጥሮአል። ሆኖም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎብኚው መንገድ ጠበበ። ከዚህ የምንማረው የጎብኚ ገንዘብ ደጋፊ እንጂ መሠረት ሊሆን እንደማይችል ነው። ጎብኚ ባልነበረበት ዘመን ሜዳውን የጠበቀው ሕዝቡ እርስ በርሱ የተገባባው ቃል ነበር። ቃሉ ከላላ ገንዘቡ ብቻውን አያድነውም፤ ቃሉ ከጸና ግን ክፉው ዘመን እስኪያልፍ ሊያሻግረው ይችላል።

የቆላው ሰው ድርሻም አይዘነጋ። እስከ ዛሬ የደጋው ሰው እጁን ሲሰበስብ የሚጠቀመው የቆላው ሰው ዋጋውን ተካፍሎ አያውቅም። ከሜዳው ራሱን የሚከለክለው ገበሬ ለማገዶው ምትክ፣ ለበጉ መኖ፣ ለልጁ ሥራ እንዲያገኝ መርዳት ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው።

8. በየሰበካችን ምን እናድርግ?

ጓሳን ያላየ ምእመን ይህ ትምህርት አይመለከተኝም እንዳይል። እያንዳንዱ ሰበካ የራሱ ጓሳ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደን፣ የመንደሩ ምንጭ፣ የጋራ ግጦሹ፣ ከድልድዩ በታች ያለው ወንዝ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚከተሉትን እንዲጀምሩ እናሳስባለን።

ሀ) ልጆችን ይዛችሁ ወደ አካባቢው ምንጭ ውጡ። ውኃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ፣ ከእናንተ በታችም ማን እንደሚጠጣው አስጠኑአቸው።

ለ) ሽማግሌዎችን ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ቀድሞ የነበረ የመዝጊያና የመክፈቻ ሥርዓት ካለ በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ሥርዓቱ አብሮት እንዳይቀበር።

ሐ) የጋራ የሆነ ነገር እንዲጠበቅ ስትመክሩ ሴቶችን፣ ወጣቶችንና መሬት የሌላቸውን በጉባኤው አስቀምጡ። ውኃ የምትቀዳው እናት ያልተናገረችበት የውኃ ሕግ ጎደሎ ነው።

መ) ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ ከወንጌላውያንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር አብራችሁ ሥሩ። ምንጭ ሃይማኖት ለይቶ አይፈስም።

ሠ) በትንሽ ስፍራ ጀምሩ። አንድ ተዳፋት ለሁለት ክረምት ብትዘጉና ሣሩ ሲመለስ ሕዝቡ በዓይኑ ቢያይ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የጋራ የሆነው ሀብት የትኛው ነው? ሕጉን ማን አወጣው? ጠባቂውስ ማን ነው?

2. በቄሮ ሥርዓት የምናደንቀው ምንድን ነው? ልናስተካክለው የሚገባንስ ምንድን ነው?

3. አንዲት ድኻ መበለት በተዘጋ ሜዳ ሣር ስታጭድ ብትገኝ ማኅበሩ ሕጉን ሳያፈርስ፣ እርስዋንም ሳይበድል ምን ሊያደርግ ይገባል?

4. ከእኛ በታች ያለን ውኃ ጠጪ ባልንጀራ ማን ነው? ስለ እርሱ ብለን የምንተወው ነገር አለን?

በተለይ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትወያዩ እንመክራለን፤ ቀላል መልስ የለውምና። በጓሳ ሣሩ የዳነው ሕግ ስለ ነበረ ነው፤ ሕጉም የሚጸናው ለተቸገረው ሰው መንገድ ሲኖረው ነው። በመንዝ ያሉ ገበሬዎች ብርድ ላይ ቆመው ተራቸውን የጠበቁት ለራሳቸው ቤት ክዳን ብለው ነበር፤ ሳያውቁት ግን በበረሃ ያለውን ሰው ውኃም ጠበቁ። እኛ ዛሬ ይህን አውቀናል። የማያውቀው ከጠበቀ፣ ያወቀው እንዴት ይተወዋል?

ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አምላክ የምንጮቻችን ጠባቂዎች ያድርገን። አሜን።